ድረ ገጻችሁ ላይ ክፍያ ለመቀበል፦ ከአንዲት ነጠላ ሻጭ

ሽሮ ሜዳ ነጠላ እሸጣለሁ። ድረ ገጼ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረው የባንክ ሒሳብ ቁጥሬ ብቻ ነው። ደንበኛ ገንዘቡን ያስገባና ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልክልኛል። አንድ ቀን ጥለቱ ሰፊ የሆነ ነጠላ አሽጌ ላክሁ። ስክሪንሾቱ የውሸት ነበር፤ ብሩ አልገባም።

እናንተ ይህ አይድረስባችሁ። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥራችሁን ያዙና እንደ ቻፓ ባለ የክፍያ አገናኝ፣ ማለትም የደንበኛውን ክፍያ ተቀብሎ ለእናንተ በሚያስተላልፍ ድርጅት፣ ተመዝገቡ። ቴሌብርም ባንክም በአንድ ቦታ ይመጣላችኋል። ገጻችሁ በዉኮሜርስ (የድረ ገጽ ሱቅ መሥሪያ ፕሮግራም) ከተሠራ የአገናኙን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጭናችሁ ቁልፎቹን፣ ማለትም ገጻችሁን ከአገናኙ ጋር የሚያያይዙትን ኮዶች፣ ታስገባላችሁ። ሚስጥራዊውን ቁልፍ ግን በቴሌግራም ለማንም አትላኩ። መጀመሪያ በሙከራ ቁልፍ ሞክሩ፤ እውነተኛ ብር አይንቀሳቀስም።

ዋናው ማረጋገጫው ነው። ደንበኛው «ተሳክቷል» የሚል ገጽ ስላየ ብቻ ዕቃ አይውጣ። ሰርቨራችሁ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) የግብይቱን መለያ ይዞ አገናኙን ራሱ ይጠይቅ። መጠኑንም ከትዕዛዙ ጋር ያመሳክር፤ የ2,400 ብር ነጠላ ታዝዞ 24 ብር ቢከፈልም ክፍያው «ተሳክቷል» ነው የሚባለው። ገጹን የሚሠራላችሁን ልጅ ይህን አስረግጣችሁ ጠይቁት።

እኔ በመጨረሻ ከራሴ ስልክ በቴሌብር 10 ብር ከፍዬ አየሁት። ትዕዛዙ «ተከፍሏል» ሲል ነው ገጹን የከፈትኩት።