ለጎንደር የብዝሀ ሕይወት እቅድ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት በመጣ ቁጥር ጎንደር ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ዘንድሮ ስንት ችግኝ እንተክላለን?» ጥያቄው ክፋት የለውም። የብዝሀ ሕይወት እቅድ ከዚህ ከጀመረ ግን ገና ከመነሻው ተንሻፏል። ሙቀቱ ሲጨምርና ዝናቡ ሲዛባ የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ዓሣ ቀድሞ ይጎዳል? ማንስ ይጠብቀዋል? እቅዱ መመለስ ያለበት ይህን ነው። በቀበሌም፣ በወረዳም፣ በትምህርት ቤት ክበብም እቅድ የምታወጡ ሰዎች እነዚህን ስህተቶች ብትጠነቀቁባቸው እላለሁ።

አዲስ እየተከሉ የቆመውን መርሳት

የመጀመሪያውም ትልቁም ስህተት ይህ ነው። ጎንደር ከምንም ተነስታ ደን የምታለማ ከተማ አይደለችም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ የቆሙትን ጽዶች እዩ። ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች እዩ። በየገጠሩ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ሌላ ቦታ የጠፋውን ዘር ይዘው የቆዩ ናቸው።

ትልቅ ዛፍ ስላየን ግን ደኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቀና ብሎ ማየቱ አይበቃም፣ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ከትልቁ ወይራ ሥር የጣት ርዝመት ያላት የወይራ ቡቃያ አለች? ጉልበት የደረሰ ጽድስ? መሬቱ በእግርና በፍየል ተረግጦ ጠጥሮ ከሆነ፣ ያ ደን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ነው። ትልልቆቹ ሲወድቁ ተተኪ የለም። ስለዚህ ከችግኝ በፊት የደኑን ዳር ማጠርና ቡቃያው ራሱ እንዲወጣ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ወጪውም ያንሳል።

በነሐሴ ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍ

የጎንደር ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነሐሴ ሁሉም ችግኝ አረንጓዴ ነው። ፈተናው የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ችግኙ ያን ሁሉ የበጋ ወር ያለ ዝናብ መክረም አለበት። ቆጠራውን በግንቦት አድርጉት። እውነተኛው የጽድቀት መጠን ያን ጊዜ ይታያል።

ብዙ ጊዜ የሚገድሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይተከላል፤ ሥሩ እዚያው ዞሮ ዞሮ ይታነቃል። ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። አረሙን የሚያነሳለት የለም።

ባህር ዛፍን በጅምላ ማውገዝም አይጠቅምም። ሰው ማገዶና ማገር ይፈልጋል፣ ገበሬውም ከሽያጩ ይኖራል። ነገር ግን ምንጭ ዳርና ወንዝ ዳር ቦታው አይደለም፣ ውሃ በጣም ይጠጣል። እዚያ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ ይግባ።

ለትናንቱ አየር ማቀድ

ይህኛው ብዙም አይነሳም፣ እኔን ግን በጣም ያሳስበኛል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር ስንወጣ አየሩ በግምት በ6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ፣ አንድ ተክል የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 170 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ተክል ደግሞ በእግሩ አይሄድም፤ የሚወጣው በዘሩ፣ በወፍና በነፋስ ነው።

በስሜን ተራሮች ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ዋልያ ከስሜን ሌላ የትም የለም። ቀይ ቀበሮም ኑሮው በከፍተኛው ደጋ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲገፋቸው ወደ ላይ ይሸሻሉ፣ ከታች ደግሞ የገብስ እርሻና ከብት ይከተላቸዋል። ተራራ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይጠባል። ራስ ዳሸን እንኳ ከ4,500 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም።

ለከተማችንና ለዙሪያዋ ወረዳዎች ይህ ሁለት ሥራ ያመጣል። አንደኛ፣ የችግኝ ጣቢያዎች ዘር ከደጋው ብቻ አይልቀሙ። ያንኑ ዝርያ ከሞቃታማውና ከደረቁ ወገንም ይጨምሩ፤ ነገ የሚጠብቀው አየር እሱን ይመስላልና። ሁለተኛ፣ ከቆላ እስከ ደጋ በወንዝ ዳር የተያያዘ የዛፍ መስመር ይኑር። ወፉም፣ ዘሩም፣ አውሬውም የሚሻገረው በዚያ ነው።

በቀበሌ ወሰን ማቆም

ውሃ የአስተዳደር ካርታ አያውቅም። አንገረብና ቀሃ ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭ በደምቢያ አልፎ ጣና ይገባል። ላይኛው ተዳፋት ሲታረስና ሲራቆት አፈሩ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሆነውን የአንገረብን ግድብ በደለል ይሞላል። የቀረው ሐይቁ ድረስ ይሄዳል።

ከጣና ሌላ የትም ከማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹህ ጠጠርና ወራጅ ውሃ ነው። ጠጠሩ በአሸዋ ቆፋሪ ከተወሰደ ወይም በጭቃ ከተሸፈነ ትውልዱ ይቆረጣል። እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሚጠናከረው ከላይ በሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ጭምር ነው። ስለዚህ የላይኛው ቀበሌና የታችኛው ቀበሌ አንድ ላይ ይቀመጡ፣ እቅዱም በተፋሰስ ይሠራ።

እሳትን እቅድ ውስጥ አለማስገባት

አጭር ነው፣ ግን አይታለፍ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ስሜን ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተው ነበር። የደረቀ ሣርና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ አንዴ ከተያያዘ በቅጠል ጠፍቶ አያልቅም። የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠረገው ቀድሞ፣ በበጋው መግቢያ ነው።

የአንድ ዓመት እቅድ፣ ባለቤት የሌለው እቅድ

ስሜን በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የወጣው በ2017። 21 ዓመት ማለት ነው። የበጀት ዓመት ደግሞ በሰኔ 30 ያልቃል። በዚህ መሀል ሥራውን የሚያስቀጥል ሰው በስም ካልተጻፈ እቅዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

«ኅብረተሰቡ ይጠብቀዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰነዱ አውጡት። ኅብረተሰቡ ማን ነው? ዳገቱ ሲከለል ላሟን እዚያ ታሰማራ የነበረች እናት ምን ታብላት? መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። እረኛውን፣ ቄሰ ገበዙን፣ ውሃ የምትቀዳዋን ልጅ ጠይቁ፤ የትኛው ምንጭ ድሮ በበጋም ይፈስ እንደነበር እነሱ ይነግሯችኋል። ከዚያ የተከለለው ሣር በማን፣ በየትኛው ወር እንደሚታጨድና ለማን እንደሚደርስ በወረቀት ይስፈር። ይህን የሣር ድልድል ከሰኔ በፊት ጨርሱት።