ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) አልጀምር ሲል፦ ለጎንደር የሒሳብ ፍሬሾች ችግርና መፍትሄ

ክፍል መግባት፣ ኖት መያዝ፣ ወርክሺት በጊዜ መቀበል እዚህ አይወራም። ይህን የማያደርግ ተማሪ ችግሩ ሌላ ነው። የሚከተለው ይህን ሁሉ እያደረገ ሚድ ላይ ለሚደነግጥ ተማሪ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢም ይሁን ማራኪ፣ የሚታዩት ብልሽቶች ያው ናቸው።

ምልክት፦ ዘዴው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ይሳሳታል

ካልኩለሱን አትውቀሱ። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ተንከባልሎ የመጣ አልጀብራ ነው። ሦስት ቦታ ፈትሹ። ኤክስ ካሬ = 3ኤክስ ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን በኤክስ አካፍሎ «መልሱ 3 ነው» ማለት፤ 0 የት ገባ? ኢንኢኳሊቲን በኔጌቲቭ አባዝቶ ምልክቱን ሳይገለብጡ ማለፍ። የኤክስ ካሬን ስኩዌር ሩት «ኤክስ» ብሎ መጻፍ፤ ኤክስ −5 ቢሆን የሚወጣው 5 ስለሆነ ትክክለኛው መልስ አብሶሉት ቫልዩ ነው። የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጥታችሁ ያቃታችሁን ዓይነት ብቻ ሥሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው ፋይናል ድረስ ይዞት መሄድ ነው።

ምልክት፦ ሌክቸሩ ይገባል፣ ፈተና ላይ እጅ አይንቀሳቀስም

መንስኤው የተሠራ ሶልሽን ማንበብ ነው። በቴሌግራም የሚዞረው በእጅ የተጻፈና በስልክ የተነሳ ሶልሽን ደግሞ ግማሹ አይነበብም፣ የሚነበበውም ስህተት አለበት፤ ስህተቱም ከባች ወደ ባች ሳይታረም ይወረሳል። በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚባለውን የዜማ ትምህርት የሚማር ደቀ መዝሙር መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቆማል እንጂ ዳር ቆሞ በማየት አይመረቅም። ሶልሽኑን አንዴ አንብቡት፣ ዝጉት፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና ከባዶ ወረቀት ጀምሩ። የቆማችሁበት መስመር ያልገባችሁ መስመር ነው።

ምልክት፦ ፕሩፉ አይጀመርም፣ ወይም ሁለት ገጽ ተጽፎ ዜሮ ያመጣል

በየዓመቱ ሳይቀር የሚመጣው ይሄ ነው። መንስኤው ዴፊኒሽኑን (ትርጓሜውን) ሳይዙ ሥራ መጀመር ነው። ተማሪው ምሳሌውን ቸክሏል፤ ዴፊኒሽኑን ግን ከምሳሌው በላይ ያለ ጌጥ አድርጎ አልፎታል።

የተለመደው ጥያቄ፦ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ የኤክስ ካሬ ሊሚት (የሚጠጋው ዋጋ) 4 መሆኑን በኢፕሲሎን (ከ4 በሚፈቀደው ርቀት) እና በዴልታ (ከ2 በሚፈቀደው ርቀት) አረጋግጥ። አንዱ 2ን ተክቶ 4 አገኘና «ተረጋገጠ» ይላል። ዴፊኒሽኑ 2 ላይ ያለውን ዋጋ ጭራሽ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በ2 ዙሪያ ያለውን ነው። ሌላው የ3ኤክስ + 1ን ፕሩፍ ስለሸመደደ ዴልታን ኢፕሲሎን ሲካፈል ለ3 ይላል፤ 3 ከየት መጣ ሲባል ዝም። ሦስተኛው አደገኛው ነው፦ ዴልታ = ኢፕሲሎን ሲካፈል ለ|ኤክስ + 2|። ስለሚያምር ዶርሙ ሁሉ ይገለብጠዋል፣ ዶርሙ ሁሉ ይወድቃል።

ለምን ይወድቃል? ዴፊኒሽኑ ተራ አለው። መጀመሪያ ኢፕሲሎን ይመጣል፣ ቀጥሎ እናንተ ዴልታ ትሰጣላችሁ፣ ኤክስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዴልታ በሚመረጥበት ሰዓት ኤክስ ገና የለም። ስለዚህ ዴልታ ውስጥ ኤክስ ካለ ሥራው እዚያው አብቅቷል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ዴፊኒሽኑን በጠቅላላ ፊደል ሳይሆን በዚህ ጥያቄ ቁጥሮች ሙሉውን ጻፉ፦ ለማንኛውም ከ0 ለሚበልጥ ኢፕሲሎን ከ0 የሚበልጥ ዴልታ አለ፤ |ኤክስ − 2| ከ0 በልጦ ከዴልታ ካነሰ |ኤክስ ካሬ − 4| ከኢፕሲሎን ያንሳል። ከዚያ በረቂቅ ወረቀት |ኤክስ ካሬ − 4|ን ወደ |ኤክስ − 2| × |ኤክስ + 2| ዘርዝሩ። የመጀመሪያውን ዴልታ ይይዘዋል፤ ሁለተኛው ነው የሚያመልጠው። ዴልታ ከ1 እንዳይበልጥ ወስኑ። ኤክስ በ1 እና በ3 መካከል ይገባል፣ ኤክስ + 2 በ3 እና በ5 መካከል ይሆናል፣ ስለዚህ |ኤክስ + 2| ከ5 ያንሳል። አሁን 5 × |ኤክስ − 2| ከኢፕሲሎን እንዲያንስ |ኤክስ − 2| ከኢፕሲሎን አምስተኛ ማነስ ይበቃዋል። ዴልታ፦ ከ1 እና ከኢፕሲሎን አምስተኛ ትንሹ።

በቁጥር ፈትኑት። ኢፕሲሎን 0.01 ከሆነ ዴልታ 0.002 ነው። ኤክስን 2.0019 አድርጉ፤ ካሬው 4.00760361 ነው፣ ከ4 ያለው ርቀት ከ0.01 ያንሳል። ይህ ለራሳችሁ መፈተሻ እንጂ የፕሩፉ አካል አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ 1ን አትርሱ። ኢፕሲሎን 100 ሲሆን አምስተኛው 20 ነው። ኤክስ 21 ከ2 ያለው ርቀት 19 ስለሆነ ያልፋል፤ ካሬው ግን 441 ነው፣ ከ4 በ437 ይርቃል። ፕሩፉ ፈረሰ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ 1ንም አታምልኩት። ኤክስ ወደ 1 ሲጠጋ 1 ሲካፈል ለኤክስን ብትጠየቁና ዴልታን በ1 ብትወስኑ፣ ኤክስ ወደ 0 መጠጋት ይችላል፣ 1 ሲካፈል ለኤክስም ልክ ያጣል። እዚያ ግማሽ ላይ ቁረጡ፤ ኤክስ ከግማሽ ይበልጣል፣ ዴልታም ከግማሽና ከኢፕሲሎን ግማሽ ትንሹ ይሆናል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ረቂቁን እንዳለ የፈተና ወረቀቱ ላይ አትገልብጡ። ረቂቅ ከሚፈለገው ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፕሩፍ ግን ወደፊት ነው። ንጹሑ «ኢፕሲሎን ከ0 ይበልጥ» ብሎ ይጀምራል፣ ዴልታውን ያስቀምጣል፣ ኤክሱን ይቀበላል፣ ከኢፕሲሎን ማነሱ ላይ ይቆማል። የሚረጋገጠውን መጀመሪያ መስመር ላይ እንደ እውነት የጻፈ ሰው የስህተት ምልክት (ኤክስ) ቢያገኝ አያኩርፍ።

በሌሎቹ ኮርሶችም በሽታው ይኸው፣ መድኃኒቱም ይኸው ነው። ፈንክሽኑ ዋን ቱ ዋን መሆኑን አረጋግጥ ሲባል ዴፊኒሽኑ ራሱ የመጀመሪያውን መስመር ይሰጣል፦ የሀ እና የለ ዋጋ እኩል ይሁን፤ ሀ = ለ መሆኑን አሳይ። ሰብሴት ሲባል ከመጀመሪያው ሴት አንድ ኤለመንት ውሰድ፤ በሁለተኛው ውስጥ መኖሩን አሳይ። ቬን ዲያግራም መሳል ፕሩፍ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ይባል!

ምልክት፦ «ብዙ ቁጥር ሞክሬ ሠርቷል» ተብሎ ውጤት አይሰጥም

ኤን ካሬ + ኤን + 41ን ሞክሩ። ከ0 እስከ 39 ያለው ኤን ሁሉ ፕራይም ይሰጣል። 40 ላይ 1681 ይመጣል፤ እሱ 41 × 41 ነው። አርባ ምሳሌ አልበቃም፤ ለማፍረስ ግን አንድ በቃ። «ሐሰት መሆኑን አሳይ» ከተባለ አንድ ካውንተር ኤግዛምፕል ጽፋችሁ እለፉ፣ ገጽ አትፍጁ።

ምልክት፦ ኮንቨርስና ኮንትራፖዚቲቭ ይምታታሉ

«ኤን ካሬ ሙሉ (ኢቭን፣ ለ2 የሚካፈል) ከሆነ ኤን ሙሉ ነው» ሲባል ብዙው ሰው «ኤን ሙሉ ይሁን» ብሎ ይጀምራል። ያ ኮንቨርሱ (ተገልብጦ የተነበበው) ነው። የሚያስፈልገው ኮንትራፖዚቲቩ ነው፦ ኤን ጎዶሎ ይሁን፣ 2ኬ + 1 ብላችሁ ካሬ አድርጉት፣ ካሬው ጎዶሎ ይወጣል። በቃ።

አልፎ አልፎ፦ ኢንዳክሽን ላይ መነሻው (ለመጀመሪያው ቁጥር ማረጋገጡ) ይረሳል። ያለ መነሻ ኤን = ኤን + 1 እንኳ ደረጃውን (ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ መሻገሩን) ያልፋል።

ጥር ላይ ብቻ የሚታይ

ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ዶርሙ ይበተናል፣ «ማታ ገብቼ አነባለሁ» የሚባለው አይሆንም። አክብሩ፣ ግን ወርክሺቱን እስከ ጥር 8 ጨርሱ፤ ከበዓሉ በኋላ የሚሰጠው ኩዊዝ ከበዓሉ በፊት በተማራችሁት ላይ ነው።

እዚህ ያለውን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተፈታ ወደ መምህሩ ቢሮ ሂዱ፤ ግን «ምንም አልገባኝም» ብላችሁ አትግቡ። ዴፊኒሽኑን ከላይ ጽፋችሁ፣ የደረሳችሁበትን መስመር አስምራችሁበት፣ «ከዚህ ወደዚህ እንዴት ይኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ የተጠየቀ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ እንደቆማችሁ መልስ ያገኛል።