የኮንክሪት ስንጥቅ ለመፈተሽ የሚበር ድሮን ከድልድይ ስር ሲያስቸግር፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ሽቅብ ወጥቶ ከድልድዩ ወለል ጋር ከስር ይላተማል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አብዛኞቹ ድሮኖች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሲግናል ሲጠፋ ወደተወሰነ ከፍታ ወጥተው ወደተነሱበት እንዲመለሱ ተደርገው ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ያድናል፤ ድልድይ ስር ግን ከላይ ያለው ኮንክሪት ነው። ከመነሳትዎ በፊት «ሲግናል ሲጠፋ» የሚለውን ቅንብር «ባለበት ይንሳፈፍ» ላይ ያድርጉት። የባትሪ ማነስም ያንኑ የመመለስ ትእዛዝ ስለሚቀሰቅስ፣ 40 በመቶ ሲደርስ ከስር ያውጡት።

ከወለሉ ስር ሲገባ ወደ ጎን ይንሸራተታል

ሰማዩ ሲሸፈን ጂፒኤስ ይዳከማል ወይም ይጠፋል። ያኔ ድሮኑ ቦታውን የሚይዘው ቁልቁል በሚያየው ካሜራ ነው፤ ከስሩ ወንዝ ካለ ደግሞ የሚፈሰውን ውሃ መሬት መስሎት አብሮት ይሄዳል። ሞዴሉ ከፈቀደ ቁልቁል የሚያየውን ሴንሰር ያጥፉና በእጅ ያብርሩ። ያለ ጂፒኤስ ማብረርን ግን አስቀድመው ገላጣ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ምሰሶ አካባቢ ነፋስ ስለሚሽከረከር ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ።

ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ስንጥቁ ግን አይታይም

አንድ ፒክስል ምን ያህል እንደሚሸፍን ለማወቅ፣ ርቀቱን በካሜራው ሴንሰር የፒክስል መጠን አባዝተው ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ያካፍሉ። ፒክስሉ 2.4 ማይክሮሜትር፣ ሌንሱ 8.8 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከ5 ሜትር ርቀት አንድ ፒክስል 1.4 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍናል። በዚህ 0.3 ሚሊሜትር ስንጥቅ መለካት አይቻልም። በዚያው ሴንሰር 45 ሚሊሜትር ሌንስ ቢገጠም ግን ወደ 0.27 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስሌቱን ብቻ አይመኑ፦ የስንጥቅ መለኪያ ካርድ (የተለያየ ውፍረት ያላቸው መስመሮች የታተሙበት) እጅ በሚደርስበት ምሰሶ ላይ ለጥፈው በዚያው ርቀት ያንሱትና የ0.3 ሚሊሜትር መስመር ይታይ እንደሆነ እዚያው አጉልተው ይዩ።

ፎቶው ከደበዘዘ ፍጥነቱን ይጠርጥሩ። በሴኮንድ 1 ሜትር እየሄዱ በ1/100 ሴኮንድ ሲያነሱ ምስሉ 10 ሚሊሜትር ይሳባል። አቁመው ያንሱ፤ ሹተሩም (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን።

ኮንክሪቱ ጠቁሮ ይወጣል

ከበስተጀርባ ያለው ሰማይ አውቶማቲኩን አሳስቶታል። ብርሃኑን በኮንክሪቱ ልክ አስተካክለው ይቆልፉ።

ገና ሲነሳ የኮምፓስ ስህተት ያሳያል

ምክንያቱ የድልድዩ ወለል ውስጥ ያለው ፌሮ ነው። ኮምፓሱን እዚያው ካሊብሬት አያድርጉ (አያስተካክሉ)፤ ከድልድዩ ርቀው ከአፈር ላይ ያስነሱት።