የአሜሪካ ሕግ አምስት ኪሎ ላይ አይሠራም፦ የአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ካምፓስ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚል የጥሪ ምልክት ያለው ጣቢያ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። አማተር ሬዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በፈቃድ የሚሠሩት የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ይህ ምልክት አየር ላይ ሲወጣ የየአገሩ አማተሮች ይሻሙበታል፤ ከኢትዮጵያ የሚሰማ ድምፅ ብርቅ ነውና። ወጣቶች ወደዚህ ነገር ሲሳቡ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ብዙ ጊዜ የሚማሩት ከአሜሪካ ዩቲዩብ መሆኑ ነው። ቴክኒኩ የትም ቢሆን አንድ ነው። የሚገዛችሁ ሕግ ግን አንቴናችሁ የቆመበት አገር ሕግ ነው።

ትልቁ ስህተት የፍሪኩዌንሲ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን ለሦስት ቀጠና ከፍሏል። አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር አንደኛው ውስጥ ናት፤ አሜሪካ ሁለተኛው ውስጥ። እዚያ የሁለት ሜትር ባንድ የሚባለው የአማተሮች የፍሪኩዌንሲ ክልል ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ይዘልቃል። የእኛ ቀጠና 146 ላይ ያበቃል። እንግዲህ የዩቲዩቡ አስተማሪ «146.52 ላይ አድርጉና ጥሪ አሰሙ» ይላል። እሱ አገር አማተሮች መጀመሪያ የሚጠራሩበት የታወቀ የመጥሪያ ፍሪኩዌንሲ ነው። እኛ ቀጠና ግን ያ ቁጥር ከአማተር ድርሻ ውጪ ነው። በእጃችሁ ያለው የቻይና ዎኪቶኪ ደግሞ አይከለክላችሁም፤ ቁልፉን ስትጫኑት ዝም ብሎ ይልካል። በአንደኛው ቀጠና የተለመደው መጥሪያ 145.500 ነው። አርባ ሜትር በሚባለው ባንድ ላይም እንዲሁ፦ አሜሪካኖቹ እስከ 7.300 ሜጋኸርዝ ያወራሉ፣ የእኛ ቀጠና 7.200 ላይ ይቆማል። ጠፈርተኞችን ማነጋገር እንኳ ልዩነት አለው። ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉም የሚሰማው በ145.800 ነው። መልስ የሚላክበት ግን በእኛ ቀጠና 145.200፣ በሌሎቹ ሁለት ቀጠናዎች 144.490 ነው።

ሌላው ዕቃውን ቀድሞ መግዛት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሬዲዮውን በኦንላይን አዝዞ የፈቃድ ፈተናውን በኋላ ሊቀመጥ ይችላል። እዚህ ይህን ማድረግ አደጋ አለው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትን ወንጀል አድርጎታል። «አንዲት ዎኪቶኪ ብቻ» ብላችሁ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስያዝ፣ ሰውየውን ቦሌ ላይ ጣጣ ውስጥ መክተት ነው። እባካችሁ አታድርጉት። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። እስከዚያ በኢንተርኔት ማዳመጥ ይቻላል፤ ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ ለማንም ክፍት ነው። ጆሮ የሚሠለጥነውም በማዳመጥ ነው።

ዋት ላይ፣ ማለትም በማሰራጫው ኃይል ላይም አትሳሳቱ፤ ጣሪያው እንደየአገሩና እንደየፈቃዱ ይለያያል። አሜሪካ በአብዛኛው ባንድ እስከ 1,500 ዋት ትፈቅዳለች። እንግሊዝ ለጀማሪ ፈቃድ 25 ዋት ነው የምትሰጠው። የጃፓን አራተኛ ደረጃ ደግሞ በአጭር ሞገድ 10 ዋት ብቻ።

ማይኩን ፈቃድ ለሌለው ጓደኛ ማቀበል ቀላል ነገር ይመስላል። ጓደኛችሁ ግን ሦስተኛ ወገን ነው፤ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት ደግሞ ለሦስተኛ ወገን ከአገር አገር መልእክት ማስተላለፍ የሚፈቀደው በአደጋ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ውጪ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል። አንዱ አገር ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል። በኮድ ተደብቆ ከሌላ አገር ጣቢያ ጋር መነጋገር ደግሞ በዚሁ ደንብ ክልክል ነው።

የመጨረሻው የጉዞ ነው። ሴፕት በሚባለው የአውሮፓ ስምምነት የታቀፈ አገር ባለፈቃድ በሌሎቹ አባላት ዘንድ እስከ ሦስት ወር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ደቡብ አፍሪካና አሜሪካ ከአውሮፓ ውጪ ሆነው ገብተውበታል፤ ያም ሆኖ የአሜሪካ ዝቅተኛ ደረጃ ፈቃድ አይሠራበትም። ኢትዮጵያ ስምምነቱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፈቃድ ይዛችሁ በርሊን ብትወርዱ ወዲያው ማሰራጨት አትችሉም። ናይሮቢም ቢሆን የኬንያን ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቃችሁ፣ ፈቃዱን በወረቀት ተቀብላችሁ ነው ሬዲዮውን ሻንጣ ውስጥ የምትከቱት።