ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽን በካምፐር ተጉዛችሁ ለማየት ላሰባችሁ

ኦገስት 12 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. በሰሜን ስፔን የሚታየውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና (ካምፐር) ተጉዛችሁ ለማየት ካሰባችሁ፣ የማቆሚያ ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምዕራቡን አድማስ ተመልከቱ። ግርዶሹ ሙሉ የሚሆነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው፤ በሰሜን ስፔኗ ከተማ በቡርጎስ አካባቢ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ከፍታ ላይ ስለምትሆን፣ አንድ ኮረብታ ወይም አጠገባችሁ የቆመ ሌላ ካምፐር ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላውን ድንቅ ትዕይንት ሊጋርድባችሁ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ደርሳችሁ፣ ማታ በዚያው ሰዓት ፀሐይዋ የምትገኝበትን ስፍራ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የተጨበጠ እጃችሁን አድማሱ ላይ ብታሳርፉ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ይሆናችኋል።

የግርዶሽ መነጽራችሁ ፀሐይን በቀጥታ ለመመልከቻ መነጽሮች የወጣውን ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 12312-2ን የሚያሟላ ይሁን፤ የምታወልቁትም ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ቅጽበቶች ብቻ ነው። ውኃና ነዳጅ ቀድማችሁ ሙሉ። ግርዶሹ እንዳበቃ መንገዱ በመኪና ስለሚጨናነቅ፣ ማደር በተፈቀደበት ቦታ ቆማችሁ እዚያው እደሩና በማግስቱ በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የቡርጎስ ካቴድራልና የጥንታዊ ሰው ቅሪቶች የተገኙባቸውን የአታፑዌርካ ዋሻዎች ጎብኙ።