ከትምህርት ቤት በር ፊት ዜብራ ለማስቀባት

ጅማ ውስጥ ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ደብተርና ሳሙና እሸጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሩ ላይ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ከአስፋልቱ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዜብራውና የፍጥነት መቀነሻው እስኪሠራ ስድስት ወር ተመላልሻለሁ። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከቢሮ በፊት ቆጠራ ይቅደም። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ «ልጆቻችን እያለቁ ነው» የሚል ነበር፤ የተቀበለኝ ሰው አንብቦ ከልቡ አዘነ፣ ወረቀቱንም መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛው ቁጥር ነበረው። እሱን መሐንዲስ ይዞት መንገዱን ሊያይ መጣ።

ሦስት የትምህርት ቀን ምረጡ፤ አንዱ የገበያ ቀን ሐሙስ ይሁን። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡00 አንድ ሰው የሚሻገሩትን ልጆች፣ ሌላው ባጃጁን፣ ሚኒባሱንና አይሱዙውን ለየብቻ ይቁጠር። ቀጥሎ ፍጥነት። በገመድ 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በኖራ ምልክት አድርጉ። ተሽከርካሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ የወሰደበትን ሰከንድ በስልክ ያዙና 180ን በሰከንዱ አካፍሉ፤ የሚወጣው በሰዓት የሚጓዘው ኪሎ ሜትር ነው። 6 ሰከንድ ከሆነ 30፣ 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50። በደረቅ አስፋልት በ30 የሚመጣ መኪና ሰው ካየ በኋላ 13 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ50 የሚመጣው ግን 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ዝናብ በማይጠፋበት በእኛ ከተማ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ይህን ሒሳብ በማመልከቻው ላይ ጻፉት።

መንገዱን ማን እንደሚያስተዳድረው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማው ነው፤ አገር አቋራጩ ግን የፌዴራሉን መንገዶች አስተዳደር ሊመለከት ይችላል። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አጽፉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ትርጉም እየተጠበቀ አይዘገይም። አሽከርካሪ በማቋረጫ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያዘውን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጥቀሱ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስደርጉ፣ ቅጂ አስቀሩ፣ የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ። አርብ ቀን የምሳ ሰዓቱ ለስግደት ስለሚረዝም በጠዋት ሂዱ። መሐንዲሱና ትራፊክ ፖሊሱ ቦታውን ሊያዩ ሲመጡም ልጆች በሚገቡበት ሰዓት ይሁን። በአራት ሰዓት ቢመጡ የሚያዩት ባዶ መንገድ ነው።

ዜብራ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ነጭ ቀለም ማንንም አያስቆምም፣ ፍጥነት የሚቀንሰው ጉብታው ነው። ስለዚህ ከዜብራው በፊት በሁለቱም አቅጣጫ መቀነሻ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክትና የማታ መብራት አብራችሁ ጠይቁ። ተናዳችሁ ግን በድንጋይና በአፈር ራሳችሁ እንዳትሠሩት! እኛ ሰፈር አንዱ ሠርቶት በሌሊት ሞተረኛ ወድቆበታል። ቀለሙ ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ አስፋልቱ ሲደርቅ ይቀባ፤ በክረምት የተቀባ ቶሎ ይለቃል።

ባጃጆች ዜብራው ላይ ቆመው ሰው ከጫኑ ልጁ ከጀርባቸው ሲወጣ ማንም አያየውም። ይህን የባጃጅ ማኅበሩ ተራ አስከባሪዎች በሁለት ቀን አስተካከሉልን፤ ቁጭ ብለን ቡና ጠጥተን ነው የተነጋገርነው። ተማሪ ትራፊኮችንም ትምህርት ቤቱ ያደራጅ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን በቡድን ያሻግሩ።

አደጋ ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና መብት ሰጥቷል። የዚያች ልጅ እናት ይህን አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር።

በኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አግኝቷል። የእኛ ሰፈር የውኃ መውረጃ ቦይ ግን ክዳን የለውም፤ ልጆቹ ቦዩን ሸሽተው አስፋልት ላይ ይሄዳሉ። አሁን የምንጠይቀው የቦይ ክዳን ነው። ባለፈው ሐሙስ ቆጠራውን ጀምረናል።