የድሮ ባለሳንቲም የመኪና ውድድር ጌም ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ለገጣፎ ወይም ሰበታ አካባቢ መጋዘን ይዞ እነዚህን ማሽኖች የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥሎ ማገናኛዎቹን ይጠርጥር። የቺፕ ነገር መጨረሻ ላይ ነው።

ሲሰካ ፊውዝ ይበጥሳል
ከአሜሪካ የመጣው ለ110–120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣው ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ ሶኬት 220 ነው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ማሠራት ይቻላል፤ የሚሰጠውን ቮልት ግን ማሽኑ እየሠራ ለኩ። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ስኩ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት የሚባለውን ልማድ እርሱት።

መንገዱ ይጎተታል
የካስኮ ኩባንያ ኢንዲ 500 (እ.ኤ.አ. 1968) እና የቺካጎ ኮይን ኩባንያ ስፒድዌይ (እ.ኤ.አ. 1969) የተባሉት ጌሞች ኮምፒውተር የላቸውም፤ መንገዱን የሚያሳዩት በአምፖልና በሚሽከረከር ዲስክ ነው። እንዲህ ባለው ማሽን ውስጥ ፍጥነቱ ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ በኸርዝ የሚለካው) ጋር የታሰረ ሞተር ካለ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራው በኛ 50 ኸርዝ አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል። ትራንስፎርመር ይህን አያስተካክልም፤ የ50 ኸርዝ ሞተር መፈለግ ነው። ከዚያ በፊት ግን የደረቀውን ግራሶ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። በሱሉልታ ብርድ የረጋ ግራሶም ያዘገያል።

መሪው ወደ አንድ ጎን ብቻ ይወስዳል፣ ወይም ጭራሽ አይሰማም
በብዙዎቹ የአታሪ ኩባንያ የድሮ ጌሞችና ፖል ፖዚሽን በተባለው ጌም መሪው ማቆሚያ ሳይኖረው ዝም ብሎ መዞሩ ጤነኛ ነው። ከመሪው ዘንግ ጋር ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ የተከፋፈለ ስስ ዲስክ አለ፤ በሁለት የብርሃን ሴንሰሮች መሃል ያልፋል። አቅጣጫው የሚታወቀው ሁለቱ ተባብረው ሲያነቡ ነው። አንዱ አቧራ ከለበሰ ወይም ዲስኩ ከተጣመመ ማሽኑ ቀኝና ግራውን ያጣል። የበጋ አቧራ እዚያ መጋጠሚያ ውስጥ ይከማቻል፤ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ ዲስኩ ሳይነካ መሃል ለመሃል ማለፉን እያዞራችሁ እዩ። አውትራን የተባለው ጌም (እ.ኤ.አ. 1986) ሌላ ነው፦ መሪው ፖቴንሺዮሜትር (እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ላይ ስለተያያዘ ሲያረጅ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ይለወጥ።

መኪናዋ ካለችበት አትነቃነቅም
ጌሙ ናይት ድራይቨር (እ.ኤ.አ. 1976) ከሆነ ምንም አልተበላሸም። መኪናዋ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠች የታተመች ፕላስቲክ ናት፤ የሚንቀሳቀሱት የመንገዱ ምሰሶዎች ናቸው። ሻጩ ተበላሽቷል ብሎ ዋጋ ከቀነሰላችሁ ዝም ብላችሁ ጫኑ።

ጨዋታ መሃል ጠፍቶ ራሱ ይነሳል
በፖል ፖዚሽን (እ.ኤ.አ. 1982) የተለመደ ነው። ኃይል መስጫው ላይ 5 ቮልት ሞልቶ ቦርዱ ላይ ከጎደለ፣ የጎደለው ማገናኛው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ንቀሉና ጥርሶቹን እዩ። ደብዝዘው ብቻ ከሆነ በላጲስና በአልኮል ይጸዳሉ፤ ጠቁረው ከተቃጠሉ ማገናኛው በሙሉ ይቀየር። ቮልቱን ከፍ አድርጎ ማለፍ ቃጠሎውን ያብሳል። ስክሪኑን ግን ልምድ ከሌላችሁ አትንኩት፤ ተነቅሎም ከፍተኛ ቮልት ይዞ ይቆያል።

ሳንቲም ይመልሳል
የአሜሪካው ባለ 25 ሳንቲም 24.26 ሚሊሜትር ነው፤ የኛ የአንድ ብር ሳንቲም ይሰፋበታል። መግቢያውን በሞረድ ማስፋት የማሽኑን ዋጋ መግደል ነው። በልኩ ቶከን (በሳንቲም ፋንታ የሚገባ ክብ ብረት) አስቀርጹ፣ ወይም ከበሩ ውስጥ ሳንቲሙ የሚጫነውን ማብሪያ በጣት ከሚጫን አንድ ቁልፍ ጋር አገናኙ። ትክክለኛውንም ከመለሰ መተላለፊያውን አጽዱ፣ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀ ብረት ካለ አንሱ።